በሰሜን ሸዋ የዘር ሐረግን መከታተል፦ ከአያት ስም እስከ አቅኚ አባት

የዘር ሐረጉን ለማጥናት የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በመታወቂያው ወይም በፓስፖርቱ ላይ በሦስተኛነት ከተጻፈው ስም ነው። ይህ ስም ግን የቤተሰብ መጠሪያ ሳይሆን የአንድ አያት የግል ስም ነው። አበበ ካሳ ደምሴ የሚባል ሰው ልጁን ዳዊት ቢለው ልጁ ዳዊት አበበ ካሳ ይሆናል፤ ደምሴም ከወረቀት ላይ ይወርዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው አስቦ የነበረ ቢሆንም ሕዝቡ በነባሩ ልማድ ስለቀጠለ በተግባር አልዋለም። ወደ ውጭ አገር በሄዱ ዘመዶች ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንድማማቾች አንዱ በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም ተመዝግበው የማይተዋወቁ ቤተሰቦች መስለው ይገኛሉ።

ስለዚህ በሰሜን ሸዋ አንድን ቤተሰብ ከሌላው የሚለየው የስም ተመሳሳይነት አይደለም። የሚለዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የተወለደበት አጥቢያ፣ ያርሰው የነበረው ርስት እና ርስቱን መጀመሪያ ያቀናው አባት ናቸው። የሚከተለው አሠራር በሙሉ በእነዚህ ላይ የቆመ ነው።

መጀመሪያ፦ የሚያውቁትን በወረቀት ያስፍሩ

አንድ ሰፊ ወረቀት ወስደው ከራስዎ ይጀምሩና ወደ ላይ ይውጡ። የአባትንና የእናትን ወገን እኩል ቦታ ይስጧቸው፤ በአባት በኩል ብቻ የሚቆጠር ሐረግ ግማሽ ሥራ ነው። አያቶች አራት፣ ቅድመ አያቶች ስምንት ናቸው፤ በሰባተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ቁጥሩ 128 ይሆናል። ሁሉንም ማግኘት አይጠበቅብዎትም፤ ነገር ግን ባዶ ቦታው ለእያንዳንዳቸው ተሠምሮ መቀመጡ ማንን መጠየቅ እንዳለብዎ ያሳይዎታል።

ለእያንዳንዱ ሰው ከመጠሪያ ስሙ ሌላ የክርስትና ስሙን፣ ማዕረጉን፣ ቅጽል ወይም የፈረስ ስሙን፣ የተወለደበትን አጥቢያ፣ ያገባበትን አገርና የተቀበረበትን ደብር የሚጽፉበት ቦታ ይተዉ። አጥቢያውን ሲጽፉ ‹‹መንዝ›› ወይም ‹‹ቡልጋ›› ብለው አይለፉ፤ የታቦቱን ስምና የቀበሌውን ወይም የጎጡን የጥንት መጠሪያ አብረው ያስፍሩ። ጊዮርጊስና ማርያም በየሸንተረሩ ስላሉ ‹‹የማርያም አጥቢያ ሰው ነበሩ›› የሚለው ቃል ብቻውን ፍለጋውን ወደየትም አያደርስም።

የአስተዳደር ወሰኖችም መለዋወጣቸውን ያስታውሱ። የዛሬዎቹ ወረዳዎች በቀድሞው የሸዋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ተጉለትና ቡልጋ፣ መንዝና ግሼ፣ ይፋትና ጥሙጋ፣ መርሐ ቤቴ በተባሉ አውራጃዎች ሥር ነበሩ፤ አሮጌ ሰነድ የሚፈለገውም በእነዚሁ ስሞች ነው። በተጨማሪም በአሁኑ ጊዜ ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ሁለት ዞኖች አሉ፤ አንዱ ደብረ ብርሃን ከተማን፣ ሌላው ፍቼን ማዕከል ያደረገ ነው። ጋብቻ የዞን ወሰን ስለማያውቅ የብዙ ቤተሰብ ሐረግ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ቀጥሎ፦ ሽማግሌዎችን በጊዜ ይጠይቁ

ዘር መቁጠር በሰሜን ሸዋ የኩራት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የመኖር ጉዳይ ነበር። መሬት የሚገኘው ከአቅኚው አባት መወለድን በማስረዳት ስለነበር ልጅ ከልጅነቱ ሐረጉን እንዲያጠና ይደረግ ነበር። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የወጣው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ይህን ማስረጃ ከጥቅም ውጭ አደረገው፤ ከዚያ በኋላ ያደጉት ልጆች ሐረግ የሚቆጥሩበት ምክንያት ለጋብቻ ብቻ ሆነ። ስለዚህ የርስት ዘር ቆጠራን በቁም ነገር የተማሩት ሰዎች ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፤ ከማናቸውም መዝገብ በፊት ወደ እነርሱ መሄድ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ለወንድ ሽማግሌ ብቻ ማቅረብ የተለመደ ነው። በእኔ ግምት ግን ከሌላ አገር መጥተው ያገቡ አሮጊቶች የተሻለ ምንጭ ናቸው፤ የሁለት ወገን ሐረግ ያውቃሉ፣ ማን ከማን ጋር እንዳይጋባ እንደተከለከለና ለምን እንደሆነም ያስታውሳሉ። ከእነርሱ ቀጥሎ በርስት ክርክር የቆሙ ወይም በሽማግሌነት የተቀመጡ ሰዎች፣ የረጅም ዘመን የነፍስ አባቶችና የሰንበቴ ሙሴዎች (የማኅበሩ አለቆች) ይፈለጋሉ። በይፋት፣ በቀወትና በኤፍራታ ግድም ያሉ የሙስሊምና የአርጎባ ቤተሰቦች ደግሞ ሼኾቻቸውንና የመስጊዱን ሽማግሌዎች ይጠይቃሉ፤ ‹‹የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ›› እየተባለ የሚወርደው አቆጣጠር በዚያም ያው ነው።

አጠያየቁ ብልኃት ይፈልጋል። ‹‹ዘራችን ከየት ነው?›› ብሎ መጀመር ሁሉም ያጠናውን የክብር ታሪክ ብቻ ያስነግራል። ከዚህ ይልቅ በቅርብ ባለ ነገር ይግቡ፦ ‹‹እማማ፣ የእርስዎ እናት ወደዚህ ቤት የመጡት ከየትኛው አጥቢያ ነው?››፣ ‹‹አባባ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን መሬት ታርሱት የነበረው በማን በኩል ነው?››፣ ‹‹የአያታችን ተዝካር የወጣው የት ነው? እነማንስ መጥተው ነበር?›› ብለው ይጠይቁ። በተዝካር ላይ ማን ከየት እንደመጣ የሚያስታውስ ሰው ሳያስበው ግማሹን ሐረግ ይዘረዝራል። ተናጋሪው ሲፈቅድ በስልክዎ ድምፁን ይቅረጹ፤ ስሞቹን ግን እዚያው በጽሑፍ ይያዙ፤ ‹‹ወልደ ጊዮርጊስ›› በቤት አጠራር ‹‹ወልዴ›› ሆኖ ሲነገር በቅጂው ላይ ሌላ ሰው ይመስላልና።

አንዳንድ ነገሮች በቀጥታ አይጠየቁም። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፣ በማደጎ ወይም በጡት ልጅነት ያደገ፣ ከእጅ ባለሙያ ወገን የሆነ፣ ወይም ቤተሰቡ በባርነት የኖረ ሰው በሐረጉ ውስጥ ሲገኝ ሽማግሌው ዝም ይላል ወይም ስሙን ዘልሎ ያልፋል። ይህን ሲያስተውሉ በሰው ፊት አይግፉ፤ በሌላ ቀን ብቻቸውን ያነጋግሯቸው። ከነገሩዎትም የትኛውን መጻፍና የትኛውን ለራስዎ መያዝ እንደሚገባ በሕይወት ካሉት ባለቤቶች ጋር ይስማሙ።

ዘመኑን ማስላት

ሽማግሌዎች ዓመተ ምሕረት ከመጥራት ይልቅ በክስተት ይናገራሉ። ስለዚህ የሚከተሉትን ከወረቀትዎ ጥግ ላይ ይጻፉ፦ ክፉ ቀን ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የቆየው ረኃብ ነው፤ የአድዋ ዘመቻ 1888፣ የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ማይጨው 1928፣ የጣልያን መውጣት 1933 ዓ.ም. ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሰገሌ ለአካባቢው ልዩ ጥቅም አለው፤ ውጊያው በዚሁ ምድር ስለተደረገና ጥቂት ቀደም ብሎም በአንኮበር አቅራቢያ ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድ ስለወደቁ ‹‹ከሰገሌ በፊት፣ ከሰገሌ በኋላ›› የሚለው አነጋገር የአንድ ትውልድ መለያ ሆኖ ቆይቷል።

ክስተቱ ብቻውን ዓመቱን በግምት ይሰጣል፤ ወንጌላዊው ሲጨመርበት ግን ወደ ትክክለኛው ዓመት ያደርሳል። የዓመተ ምሕረቱን ቁጥር ለአራት ሲያካፍሉ ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ዘመነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ አንዲት አሮጊት ስለ ታላቅ እህታቸው ሲናገሩ ‹‹የኅዳር በሽታ ካለፈ በኋላ በዘመነ ዮሐንስ፣ በግንቦት ልደታ ማግስት ተወለደች›› ቢሉ፣ በሽታው የገባው በ1911 ነውና ቀጥሎ የሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ 1912 ነው፤ ልደታ ግንቦት 1 ስለሚውልም ልጅቱ የተወለደችው ግንቦት 2 ቀን 1912 ዓ.ም. ነው ማለት ነው። ቀጣዩ ዘመነ ዮሐንስ 1916 በመሆኑ ተናጋሪዋ ‹‹በሽታው እንዳለፈ ወዲያው›› ነው ወይስ ‹‹ቆይቶ›› የሚሉት ብሎ ማጣራት አይቀርም። ወሩንና ዕለቱን ሰው ከዓመቱ ይልቅ አጥብቆ የሚይዘው በዓሉን ስለሚያስብበት ነው፤ ስለዚህ ‹‹በየትኛው ታቦት ቀን?›› የሚለውን ጥያቄ አይርሱ።

ስሙን ማንበብ

የስም አወጣጥ ስለ ቤተሰቡ ሁኔታ ይናገራል። ካሳና ምትኩ ብዙ ጊዜ ከሞተ ልጅ ወይም ዘመድ በኋላ የመጣን ልጅ ያመለክታሉ፤ ማስረሻም ኀዘን ከቤቱ እንደነበረ ይጠቁማል። በሐረግዎ ውስጥ ካሳ የሚባል ሰው ካለ ከእርሱ በፊት ያልተመዘገበ ልጅ ይኖር እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቶላ፣ ደበላ፣ ጉርሙ የመሳሰሉ የኦሮምኛ ስሞች በአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ሐረግ ውስጥ፣ የአማርኛ ስሞችም በኦሮምኛ ተናጋሪው ውስጥ መገኘታቸው በዚህ አገር የሚጠበቅ ነው፤ ጋብቻን፣ ጉርብትናን ወይም አበ ልጅነትን ሊያመለክት ስለሚችል ከስሙ ብቻ ተነሥቶ ‹‹ትውልዳችን ይህ ነው›› ብሎ መደምደም አይገባም።

የክርስትና ስም ጉዳይ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ዓለም የሚያውቀው ደምሴ በቤተ ክርስቲያን ወልደ ሚካኤል ወይም ኃይለ ጊዮርጊስ ሊሆን ይችላል፤ በብራና ላይ፣ በፍትሐትና በተዝካር የሚጠራውም በዚያ ስም ነው። የክርስትና ስሙን ያላወቀ ሰው የቅድመ አያቱን ስም በብራና ላይ እያየው ያልፈዋል። የፈረስ ስምም እንዲሁ ሰውን ይሰውራል፤ አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደሚባሉት ሁሉ በየአጥቢያው ያለ ባላባትም በፈረሱ ስም ብቻ ሲታወስ ይገኛል። ማዕረግም ከስም ጋር ይደባለቃል፦ ‹‹የግራዝማች ልጆች›› የሚባል ቤተሰብ ውስጥ ግራዝማቹ ማን እንደነበሩ የልጅ ልጆቹ አያውቁም።

ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አለመተዋ ለአጥኚ ትልቅ ዕድል ነው፤ የእናትዎ ሙሉ ስም የሌላ ሐረግ በር ነውና። ሆኖም በአንዳንድ ቤት አማት ለምራቷ ስም ታወጣ ስለነበር አንዲት ሴት በአባቷ ቤት በአንድ ስም፣ በባሏ ቤት በሌላ ስም ትታወቅ ይሆናል። በሁለቱም ስም ይጠይቁ።

በጽሑፍ ሲፈልጉ ደግሞ አንዱን ስም በሁሉም አጻጻፉ ይሞክሩ። ኃይለ ሥላሴ፣ ሀይለ ስላሴ፣ ኃ/ሥላሴ እና ኃይሌ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ በየጸሐፊው እጅ ይለዋወጣሉ።

ወደ አቅኚ አባት መድረስ

ሐረጉ ከአምስት ወይም ከስድስት ትውልድ ሲያልፍ የሚይዘው የአቅኚ አባት ስም ነው። አቅኚ አባት የሚባለው መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው፣ ተወላጆቹ በወንድም በሴትም በኩል ከእርሱ መውረዳቸውን እያስረዱ አጽመ ርስት የሚካፈሉበት ሰው ነው። በሴት በኩልም መቆጠሩ አንድ ሰው የብዙ አቅኚ አባቶች ተወላጅ እንዲሆን ያደርገዋል፤ ስለዚህ ‹‹አቅኚ አባታችሁ ማን ነው?›› ሳይሆን ‹‹በየትኛው መሬት፣ በማን በኩል፣ ከማን ትወርዳላችሁ?›› ብሎ መጠየቅ ነው የሚሻለው።

መንዝ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር እና ጌራ ምድር በትውፊት የሦስት አቅኚዎችን ስም ይዘው እስከ ዛሬ የወረዳ መጠሪያ ሆነዋል። የጓሳ ሣርና ደን ጥበቃም በዚሁ ዘር ቆጠራ ላይ የቆመ ነበር፦ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ከሁለቱ አቅኚ አባቶች፣ ከአስቦና ከጌራ፣ መወለዱን ያስረዳ ሰው ብቻ ክልሉ ሲከፈት ጓሳ አጭዶ ቤቱን ይከድን ነበር። ቤተሰብዎ ከዚያ አካባቢ ከሆነ አያቶችዎ ጓሳ የሚያጭዱት በየትኛው ወገን ስም እንደነበረ ይጠይቁ፤ መልሱ በአንድ ቃል ብዙ ትውልድ ያሻግራል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የዘር ቆጠራን የሚያበላሸው ነገር ቢኖር ሁሉም ሐረግ መጨረሻው ከሸዋ ነገሥታት ቤት መድረሱ ነው። ከነጋሲ ወደ ስብስቴ፣ አብዬ፣ አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሣህለ ሥላሴ፣ ኃይለ መለኮት እያለ ወደ ምኒልክ የሚወርደው መስመር የታወቀ ስለሆነ ማንኛውም ቤተሰብ የራሱን ሐረግ ከአንዱ ላይ ለመቀጠል አይቸገርም። መፈተኛው ቀላል ነው። አንድ ትውልድ በአማካይ ከ25 እስከ 30 ዓመት ይቆጠራል፤ ነጋሲ የነበሩበት ዘመን ከ300 ዓመት በላይ ስለሆነ ከእርሳቸው እስከ ዛሬ ሰው ቢያንስ ዐሥር ስም መቆጠር አለበት። በአምስት ስም ከነጋሲ የደረሰ ሐረግ ወይ ስም ዘልሏል ወይ ተቀጥሏል። እንዲህ ያለውን ከወረቀቱ ላይ አይፍቁት፤ ‹‹በቤተሰብ የሚነገር›› ብለው በእርሳስ ይጻፉትና ይለፉ።

በጽሑፍ ማረጋገጥ

በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ለአያቶችዎ አይደርስም፤ ከቀበሌ የሚገኘው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተርም የቅርብ ጊዜ ነው፤ ሆኖም የባልና የሚስትን ስም አብሮ ስለሚይዝ የአሁኑን ትውልድ ለማረጋገጥ ይጠቅማል። ከዚያ ወዲያ ያለው ማስረጃ የሚገኘው በቤትና በቤተ ክርስቲያን ነው።

በቤት ውስጥ ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት የርስት ክርክር የፍርድ ግልባጭ ነው። ተከራካሪው መሬቱ እንደሚደርሰው ለማስረዳት ከአቅኚው እስከ ራሱ ያለውን በዳኛ ፊት ይቆጥር ነበር፤ ባላጋራውም ያንኑ ሐረግ ለማፍረስ የራሱን ያቀርብ ነበር። በዚህ ምክንያት አንድ ውሳኔ ላይ ሁለት ተፎካካሪ ሐረጎች ከነምስክሮቻቸው ይገኛሉ። የግብር ደረሰኝም መሬቱ በማን ስም ይገበር እንደነበር ያሳያል፤ ነገር ግን በደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ስም በሕይወት ያለው አራሽ ሳይሆን ቀድሞ የሞተ አያት ሊሆን ስለሚችል ከዓመቱ ጋር አያይዘው ያንብቡት። በነፍስ አባት ፊት የተጻፈ ኑዛዜ ልጆችን በቅደም ተከተል ስለሚዘረዝር በየሻንጣውና በየሳጥኑ ቢፈለግ አያስቆጭም።

በቤተ ክርስቲያን ደግሞ አስተዳዳሪውን አስፈቅደው፣ ግእዝ የሚያነብ ሰው ይዘው በተአምረ ማርያም፣ በገድልና በድርሳን መጻሕፍት መጨረሻና በየጸሎቱ መዝጊያ ላይ ያሉትን ስሞች ይመልከቱ። ያጻፈው ሰው ስም ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በክርስትና ስም ይጻፋል። አንዳንዴ የቀድሞው ስም ተፍቆ በላዩ የተለየ ቀለምና የተለየ እጅ ያለው ሌላ ስም ይታያል፤ መጽሐፉ ባለቤት ቀይሯል ማለት ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሸዋ ካሉ ገዳማትና አድባራት ብዙ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ስለዚህ ቅጂያቸውን አዲስ አበባ በሚገኙት በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ወይም በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጠየቅ ይቻላል።

ሐረጉ በድንገት የተቆረጠበት ቦታ ካጋጠመዎ ዘመኑን ይመልከቱ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. መንደሮች ተቃጥለዋል፤ በ1931 ዓ.ም. ጣልያኖች በመርዝ ጋዝ ሰው በፈጁበት በዘረቱ አመፀኛ ዋሻ ደግሞ ሙሉ ቤተሰቦች አልቀዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የአጎራባች አጥቢያ ዘመዶችን መጠየቅ ብቻ ነው የሚቀረው፤ የተረፉ ሕፃናት በእናት ወገን ስለሚያድጉ በሌላ ሰው ስም ሊጠሩም ይችላሉ።

በውጭ ያሉ ዘመዶች የሚያዘወትሩት የዘረ መል ምርመራ የቅርብ ዘመዳሞችን ለማገናኘት ይረዳል፤ የአያት ስም ወይም የአጥቢያ ስም ግን አይሰጥም።

ማስታረቅና ማስቀመጥ

ሁለት ሽማግሌዎች የተለያየ ሐረግ ሲሰጡዎ አንዱን መርጠው ሌላውን አይጣሉ። ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጻፉና ከእያንዳንዱ ስም ጥግ ላይ ማን፣ መቼ እንደነገረዎ ያስፍሩ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የሚመጣው አንደኛው በአባት፣ ሁለተኛው በእናት በኩል ስለቆጠረ ነው፤ ሁለቱም ትክክል ይሆናሉ። ሲጨርሱ ረቂቁን ይዘው ወደ ነገሩዎት ሰዎች ይመለሱና ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ስሙ ሲጠራ ‹‹እሱማ የእገሌ ወንድም ነው፣ አባቱ አይደለም›› የሚል እርማት የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ከታረመ በኋላ አንዱን ቅጂ በእናት ወገን፣ አንዱን በአባት ወገን ላለ ታማኝ ዘመድ ይስጡ፤ በሕይወት ያሉ ሰዎችን የሚመለከተውን ገጽ ግን ለይተው እርስዎ ዘንድ ያስቀሩ።